«ደህና ነኝ» የማትለዋ እታለም

ባለፈው ክረምት ወልድያ መናኸሪያ ዝናብ ይዞኝ ከአንድ ጭነት መኪና ጎን ተጠግቼ ቆምኩ። ረዳቱ የራሰውን ሸራ ከጭነቱ ላይ ሲጎትተው ያ ሽታ አፍንጫዬን መታው። የሰም፣ የናፍጣና የሻገተ ውሃ ሽታ ነው፤ ደስ የሚል ነገር የለውም። አጠገቤ የቆመው ሰው ሁሉ አፍንጫውን በነጠላው ሲይዝ፣ እኔ ጭራሽ ጠጋ ብዬ ሳብኩት። ረዳቱ አየት አደረገኝና «እህትዓለም፣ የጠፋሽ ነገር አለ እንዴ?» አለኝ። ምን ልበለው? አክስቴ ብለው ይስቅብኝ ነበር።

ያደግሁት መርሳ ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ ተሳፋሪው ሁሉ ፓፓያና ማንጎ ልግዛ ብሎ የሚንጋጋባት ከተማ፣ እሷ። አባቴ አስፋልቱ ዳር ሱቅ ነበረው። ከሱቁ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ የሷ ክፍልና የኛ ቤት በሚጋሩት ደጅ ላይ፣ አክስቴ የጭነት መኪና ሸራ ትሰፋለች። አዎ፣ ሴት ሸራ ሰፊ! ለአባቴ ታላቅ እህቱ ስለሆነች «እታለም» ይላታል፤ እኛም ከሱ አፍ ወስደን እታለም አልናት። አገሩ ግን «ዘውዴ ሸራ» ነው የሚላት።

ያን ክረምት እናቴ ወንድሜን ገና መውለዷ ነበር። እኔ ከሁለተኛ ክፍል አልፌ ቤት ውስጥ ሳስቸግራት «ሂጂ እታለምን አግዢ» ብላ ገፋችኝ። ሥራዬ ሲባጎ በሰም ማሸት ነበር። የሰሙን ድቡልቡል በግራ እጄ ይዤ ክሩን በላዩ ላይ ሰሙን ስቦ እስኪያብለጨልጭ እጎትተዋለሁ። ክሩ ሰም ካልጠጣ ዝናቡ በስፌቱ ገብቶ የሰውን እህል ያበላሻል፤ ስለዚህ ሥራዬ ቀላል አልነበረም፣ ቢያንስ እኔ እንደዛ ነበር የማስበው። ምሳ ስበላ እንጀራው፣ ሽሮው፣ ሁሉም ሰም ሰም ይለኛል። እታለም የወንድ ኮት ለብሳ፣ መዳፏ ላይ ቁራጭ ቆዳ አስራ፣ ሸራው መሐል ተቀምጣ ያንን ወፍራም መርፌ በመዳፏ ትገፋለች።

አሁን ነገሩን ልንገራችሁ። እታለም ከሰው የምትለየው በሸራው አልነበረም። በሰላምታ ነበር።

የቅሬያችን ዳኛ አባ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ያስነፋል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ይቀብራል፣ ሐዘንተኛውን ያስተዛዝናል። በኛ ሰፈር እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነው። አባ ይመር ጠዋት ጠዋት ከመስጊድ ሲመለሱ በደጃችን ያልፋሉ።

«ዘውዴ፣ እንዴት አደርሽ?»

«ደህና አላደርኩም አባ ይመር። ግራ ጉልበቴን ሲወጋኝ አደረ። ማታ የበላሁትም አልተስማማኝ።»

«ኧረ አልሐምዱሊላህ በይ፣ ሴትዮ!»

«እሱንማ ብያለሁ። እርስዎ የጠየቁኝ ስለ እኔ ነው።»

አባ ይመር ራሳቸውን እየነቀነቁ ያልፋሉ። ማንም ሰው «እንዴት አደርክ» ሲባል «እግዜር ይመስገን» ነው የሚለው፤ ቤቱ ተቃጥሎ ቢያድር እንኳ አስቀድሞ እግዜር ይመስገን ይላል። እታለም ግን የተጠየቀችውን ትመልሳለች። እንብላም እንደዚሁ ነው። ሰው ምሳውን እየበላ አላፊውን «እንብላ» ይለዋል፣ አላፊውም «ብሉ፣ አሁን በላሁ» ብሎ ያልፋል፤ ነገሩ ያለቀለት ነው። እታለም ርቧት ከሆነ ግን «እሺ» ብላ እጇን ልትታጠብ ትቀመጣለች። ባለ ምሳው ዓይኑ ሲፈጥ ማየት ነበር! ደግሞ ለቅሶ ቤት ሄዳ ደረት አትደቃም፤ እንስራውን አዝላ ውሃ ስትቀዳ ትውላለች።

ታዲያ ለዚህች ሴት ያልወጣላት ስም አልነበረም። እኔ እነዚህን ስሞች ማዕረግ መስለውኝ፣ እንደ ሻምበልና ሻለቃ፣ የትኛው ከየትኛው ይበልጥ ይሆን እያልኩ አሰላስል ነበር። እናቴ «ደረቅ ናት» ስትል ሰምቼ ክንዷን በጣቴ ነካሁት። እውነትም ደረቅ ነበር፤ ሸራ ሲፈትገው የሚውል ክንድ ምን ይሁን? እናቴ ትክክል ናት ብዬ ተውኩት። አባቴ «ግትር» ይላታል፤ እሱ ሲለው ግን ከንፈሩ ዳር ላይ ፈገግታ ነገር አለች፣ ልክ ስለ ጥሩ በሬ እንደሚያወራ ሰው። ጎረቤት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወፈፍ ያደርጋታል» ይላሉ። ሾፌሮች «ጉደኛ ሴት!» ብለው ይስቁና ከመኪናቸው ብርቱካን ይወረውሩላታል። ስለዚህ ከሁሉም ጉደኛን እወድ ነበር፤ ብርቱካን ያስገኛል።

አንድ ቀን አባ ይመር ለአባቴ «ይቺ እህትህ አፈንጋጭ ናት» ሲሉ ሰማሁ። ቃሉ ረጅምና ከባድ ነው። ከጉደኛ በላይ ሹመት ነው ብዬ እየሮጥኩ ሄድኩ።

«እታለም! እታለም! አባ ይመር አፈንጋጭ አሉሽ!»

መርፌዋን ሸራው ላይ ሰክታ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ኋላ «ትርንጎዬ፣ ከብት ሲነዳ አይተሻል?» አለችኝ። «አንዱ ከመንጋው ወጥቶ ለብቻው እብስ ይላል። እሱ ነው አፈንጋጭ።»

«ለምን ይወጣል?»

«አንዳንዱ ጠግቦ ነው። አንዳንዱ ውሃ ሸቶት ነው። ከኋላው ስታይው አይለይም።»

አንቺስ የቱ ነሽ ብዬ ልጠይቃት ስል ሰሙ እጄ ላይ ቀልጦ ተረሳኝ።

ሰውየው የመጣው ነሐሴ ሊያልቅ አካባቢ ነው። ያኔ ከደቡብ የሚመጣው አውቶቡስ ሁሉ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራ በሚሄድ የቀን ሠራተኛ ይሞላ ነበር። ከአንዱ አውቶቡስ ጎልማሳ ሰው ወረደ፤ ፌስታሉን ታቅፎ፣ በዚያ ሙቀት እየተንቀጠቀጠ። መኪናው ትቶት ሄደ። ሰውየው ጥላ ሲፈልግ የእታለም ሸራ ጫፍ ላይ መጥቶ ዝርግፍ አለ። ጥርሱ ሲጋጭ ይሰማኝ ነበር።

እታለም «እንዴት ነህ?» አለችው።

«ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን» አላት።

ውይ፣ ተቆጣች! «ደህና ብትሆን እዚህ ምን ትሠራለህ? አሞኛል በል እንጂ! አሞኛል ማለት ነውር ነው?»

ሰውየው ቀና ብሎ አያት። «አሞኛል እናቴ» አለና አለቀሰ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው፤ ሰሙን ጥዬ እሷ ጀርባ ተደበቅሁ።

የጨረሰችውን ሸራ አልብሳው ስሙን ጠየቀችው። ንጋቱ፣ የመንዝ ሰው፣ ከመሐል ሜዳ ወዲያ፣ አባቱ ተሰማ። ጋሪ ጠርታ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶ ኖሮ በማግስቱ ሞተ።

መርሳ ጨካኝ አገር አይደለችም፣ ይሄን ልብ በሉልኝ። ሰው ከፈን አዋጣለት። አንገቱ ላይ ማተብ ስላለ ቄስ ተጠራ፣ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ጉድጓድ ቆፈሩ፣ አባቴም ቀብሩ ላይ ነበር። ግን እንግዳ ነውና ጡሩምባ አልተነፋም። እኔ የእታለምን ኮት ይዤ ቆሜአለሁ። ቀብሩ ሲያልቅ ሰዉ ልብሱን አራገፈና ወደየአቅጣጫው መበተን ጀመረ። እታለም ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆማ «ወዴት ነው የምንሄደው?» አለች።

«ወደየቤታችን ነዋ» አላት አባቴ።

«ለቅሶውስ?»

ከቀብር ሲመለሱ ወደ ለቅሶ ቤት ነው የሚኬደው፤ የንጋቱ ለቅሶ ግን ቤት አልነበረውም። እታለም መንገዱ መሐል ላይ ቀረች። እኔም ኮቷን ይዤ ቀረሁ። የቀብሩ አፈር ገና እርጥብ ነበር።

በዚያው ወደ አባ ይመር ቤት ሄደች።

«ድንኳኑ ይውጣልኝ አባ ይመር።»

«አላህ ይጠብቅሽ፤ ማን ሞተብሽ?»

«ንጋቱ።»

«ንጋቱ ምንሽ ነው?»

«ሸራዬ ሥር የተኛ ሰው ነው።»

አባ ይመር መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ድምፃቸውን አለስልሰው ነው የነገሯት። «ስሚኝ ዘውዴ። የቅሬ ድንኳን ያለ ዘመድ አይተከልም፤ ደንባችን ነው። ደግሞስ ሬሳ ባልወጣበት ደጅ የለቅሶ ድንኳን መትከል ሟርት ነው። ሞትን ና ግባ ማለት ነው። ያ ደጅ የወንድምሽም ደጅ ነው። ጨቅላ አለበት።»

«የሰው ልጅ ሳይለቀስለት ይቅር?»

«ዱዓ እናደርግለታለን። አብሽሪ፣ አይዞሽ።»

እታለም አብሽሪ የሚሏት ሴት አልነበረችም። የሚቀጥሉትን ቀናት ሾፌሮች የጣሉትን ቁርጥራጭ ሸራ ሰብስባ ስትገጣጥም ዋለች፤ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ጠርዙ የተቃጠለ። ነገሩ የገባው አባቴ ብቻ ነው።

«እታለም፣ በሞቴ ተይ» አላት። «እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ ነው። ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ። የዚህ ሰውዬ እናት ምን እንደምትል ነው ያላወቅሁት።»

በገበያው ቀን ጠዋት ስንነሳ ድንኳኑ ደጃችን ላይ ቆሟል። በባላ እንጨት ደግፋው፣ ሰሌን አንጥፋ፣ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ብቻዋን ተቀምጣለች። እናቴ ወንድሜን ደረቷ ላይ ልጥፍ አድርጋ በሩን ዘጋች። እኔ ደግሞ ሞት መንገደኛ መሰለኝ፤ እንደ ሾፌሮቹ ድንኳኑን ከአስፋልቱ ላይ አይቶ የሚቆም። ስለዚህ ጣቴን የወንድሜ አፍንጫ ሥር እያደረግሁ ትንፋሹን እጠብቅ ጀመር። እናቴ እጄን በመታችኝ ቁጥር መልሼ እወስዳለሁ።

ወሎ ውስጥ ድንኳን ያየ ሰው ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም። አስቀድሞ ያለቅሳል፣ ሲወጣለት ይቀመጣል፣ ከዚያ ነው የሚጠይቀው። በገበያ ቀን ደግሞ የውርጌሳ፣ የሲሪንቃና የሐራ ሰው ይመጣል፤ የጉባላፍቶ ደገኛም ገብሱን በአህያ ጭኖ ይወርዳል። እታለምን ሁሉም ያውቃታል። እማማ አስካለ የሚባሉ ደገኛ ነበሩ፤ የአህያቸውን ጆንያ የምትሰፋላቸው እታለም ናት። ድንኳኑን ሲያዩ አህያቸውን ከነጭነቷ አስፋልት ላይ ለቀው «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። አባቴ የሞተ መስሏቸው ነው። እሳቸውን ያየ ገባ፣ እነሱን ያየ ገባ። ድንኳኑ ሞልቶ ሰው አስፋልት ላይ ቆመ።

አባቴ ሱቁ ውስጥ ሆኖ ጩኸቱን ሲሰማ እኔ ወይ ሕፃኑ የሞትን መስሎት ሚዛኑን ጥሎ እየሮጠ መጣ። አንዲት የሐራ ሴትዮ ስሙን እየጠሩ ሲያለቅሱለት ራሱ ከፊታቸው ተከሰተ። «በስመ አብ!» ብለው ወደ ኋላቸው ወደቁ። ያን ጊዜ ሳቄ አመለጠኝ፤ ማን እንደቆነጠጠኝ አላውቅም፣ ግን አጥብቆ ቆነጠጠኝ።

ዝም ዝም ሲባል እማማ አስካለ «ታዲያ ማንን ነው ያጣሽው ልጄ?» አሏት።

እታለም ነገረቻቸው። ስሙን፣ አገሩን፣ አሞኛል ብሎ ማልቀሱን፣ ከቀብሩ መልስ ሰው መበተኑን። አንዱ ነጋዴ ብድግ ብሎ «በሞት ትቀልጃለሽ? የሰው እንባ መጫወቻ ነው?» ብሎ ጮኸ። አንዳንዱም ነጠላውን አስተካክሎ ሊወጣ ተነሳ። እማማ አስካለ ግን ከሰሌኑ ንቅንቅ አላሉም።

«ተቀመጥ!» አሉት ነጋዴውን። «የወረደ እንባ መልሼ አልውጠውም። ንጋቱ ነው ስሙ ያልሽኝ? እናቱ በሕይወት አለች? በሉ እንግዲህ!» አሉና በዚያ በደገኛ ቀጭን ድምፅ ሙሾውን አወጡት።

*መንዝ ላይ የነጋው መርሳ ላይ መሸ ወይ፣*
*እናቱ ሳትሰማ ሰው ይቀበራል ወይ።*

ሊወጡ የተነሱት ሁሉ ተመልሰው ተቀመጡ። ሁመራ የሄደ ልጅ ያላቸው እናቶች ብዙ ነበሩ፤ እነሱ ያለቀሱት ለቅሶ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እታለም ደረት የማትደቃዋ ፊቷን በኮቷ እጅጌ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ ስለ ንጋቱ ይሁን ስለ እሷ አላውቅም።

እሑድ ቅሬው ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። አባ ይመር ተቸግረው ነበር፤ ደጋግመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አገር ተታሎ አለቀሰ» አሉ። «ደንብ ተጣሰ። ዘውዴ፣ አውፍ በሉኝ በይና ይለቅ።»

«ማንን አታለልኩ? ማንም ሳይጠይቅ ገባ፤ የጠየቀኝን እውነቱን ነገርኩ።»

«አውፍ ማለት ምን ይጎዳሻል?»

«ያላጠፋሁትን አጥፍቻለሁ ካልኩ ዋሸሁ።»

አባቴ ራሱን ይዞ መሬት መሬት ያያል። አንዲት ቃል ነበር ከእሷ የሚፈለገው፣ አንዲት ቃል! አላለችም። ይቅርታ እስክትጠይቅ ድረስ ከቅሬ ወጣች ተባለ። ከቅሬ የወጣን ሰው ሰላም የሚለው የለም፣ ደስታውንም ሐዘኑንም የሚካፈለው የለም፤ ሲሞትም ጡሩምባ አይነፋለትም። ያን ቀን አዲስ ስም ሰማሁ፤ ሟርተኛ። ይሄን ቃል አገላብጬ ባየው ከየትኛውም ወገኑ ብርቱካን አይወጣውም። ማንም እየሳቀ ሲለው አልሰማሁም። ማዕረግ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ትምህርት ተከፈተ። እኔም እታለም ጋ እንዳልሄድ ተከለከልኩ። ጥቅምት ላይ ወንድሜን ትኩሳት ያዘው፤ እናቴ «እሷ ናት የጠራችብኝ» ብላ ጮኸች። ደግነቱ ቶሎ ተሻለው። አባቴ ምሳ በሳህን ከድኖ «ሰው ሳያይሽ አድርሺላት» እያለ ይሰደኛል። አንድ ቀን እናቴ «እንዲህ ሆና ብትሞት ማን ይቀብራታል?» ብትለው ሱቁን በቁሙ ዘግቶ ገባና ትራሱን ተደፍቶ አለቀሰ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ጠዋቱ ነው። አባ ይመር በማዶ በኩል ማለፍ ጀመሩ። እታለም ቀና ትልና ታያቸዋለች፣ ከዚያ መርፌዋን ትገፋለች። ክሯን ራሷ ነበር በሰም የምታሸው። አንድ ቀን ሳህኑን አስቀምጬ ልሮጥ ስል፣ እኔን ሳታይ፣ ለማንም ሳትናገር፣ «ዛሬስ ጉልበቴ ተሽሎታል» አለች። ማንም አልጠየቃትም እኮ! አንጀቴን በላችው። ሰው ያኮረፈችው እሷ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሰላምታ ትወድ ኖሯል፣ ከሁላችንም በላይ ትወድ ኖሯል።

አንድ ነገር ግን አልተወችም። ወደ ደሴ የሚወጣውን ሾፌር ሁሉ ሸራውን እየሰፋች «መሐል ሜዳ የሚደርስ ሰው ካገኘህ፣ የተሰማ ልጅ ንጋቱ መርሳ አረፈ በልልኝ» ትለዋለች።

ታኅሣሥ ገባ፤ የመንዝ ገብስም ታጭዶ አልቆ መሆን አለበት። አንድ እሑድ ከአውቶቡስ አንድ ሽማግሌ ወረዱ። በዚያ ቆላ ወፍራም የሱፍ በርኖስ ለብሰዋል፣ በትከሻቸው ስልቻ ይዘዋል። ሾፌሩ በጣቱ እታለምን አሳያቸው። እኔ ሱቅ ደጃፍ ነበርኩ፤ ሲደርሱ አየሁ፣ እታለም ተነስታ ጉልበታቸውን ስትስም አየሁ። ክልከላው ጠፋኝና ሮጬ ሄድኩ።

«ተሰማ እባላለሁ» አሉ። «ልጄን የቀበሩትን ሰዎች አገናኙኝ። እናቱ በሶ ልካላቸዋለች። እግራቸውን ልሳም።»

እታለም ስልቻቸውን ተቀብላ፣ እጃቸውን ይዛ፣ ቀጥታ ወደ ዋርካው ወሰደቻቸው። ቅሬው የተሰበሰበበት ቀን ነበር። የተባረረች ሴት እንግዳ እየመራች ስትመጣ ሰዉ ሁሉ አንገቱን አዞረ። አባቴ መሐላቸው ተቀምጧል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ሁሉም ያወቀው ነገር አንድ ነው። እታለም አትዋሽም። ጉልበቷን እንኳ ደህና ነው ብላ የማታውቅ ሴት፣ ልጅዎት ያለ ጡሩምባ ነው የተቀበረው፣ ያለቀስኩለትም እኔ ነኝ፣ ስላለቀስኩም አባረሩኝ ልትል ነው። ደግሞ እውነት ነው!

አባ ተሰማ በርኖሳቸውን ሰብስበው ቆሙ። «ልጄን ማን አለቀሰለት?» አሉ።

አባ ይመር አንገታቸውን ደፉ። እኔ አላስቻለኝም፤ «እታለም» ልል አፌን ስከፍት ያ ሻካራ መዳፏ ማጅራቴ ላይ አረፈና ጨመቀኝ።

«እነዚህ ናቸው አባቴ» አለች። «ቅሬው ነው የቀበረው። ጡሩምባ ተነፍቶ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ አባ ይመር ፊት ፊት ሄደው። የገበያው ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ አልቅሷል። ልጅዎ እንደ ሰው ነው የተሸኘ።»

አባ ተሰማ ከዳር ጀመሩ። እያንዳንዱን ሰው ትከሻ፣ እያንዳንዱን ሰው እጅ እየሳሙ አለፉ። እግር ሊስሙ ሲጎነበሱ ሰዉ እየተሽቀዳደመ ያነሳቸዋል። አባ ይመር ጋ ሲደርሱ ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቃቅፈው ቆዩ፤ አባ ይመር ናቸው ቀድመው ያለቀሱት። ዳር ሲደርሱ አባ ተሰማ ወደ እታለም ዞሩ።

«አንቺስ ልጄ፣ ምኑ ነሽ?»

«እኔ ሸራ ሰፊ ነኝ» አለች። «ድንኳኑን ሰፍቻለሁ።»

ያን ጊዜ አባ ይመር ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱ። «የሩቅ ዘመድ ሲደርስ ለቅሶ ይታደሳል፤ ደንባችን ነው» አሉ። «ጡሩምባው ይነፋ። ድንኳኑ ይውጣ።»

ድንኳን ያዡ ግራ ገባው። «የት ነው የሚተከለው አባ ይመር?»

«ለቅሶው የተቀመጠበት ደጅ ነዋ! የዘውዴ ደጅ! ሌላ ደጅ አለ እንዴ?»

ጡሩምባው ተነፋ። በመርሳ አስፋልት ላይ የሱቅ በር ሁሉ ግጥም ግጥም ሲል ሰማሁ። እናቴ ወንድሜን አዝላ ከቤት ወጣችና ለእንግዳው እግር ውሃ አሞቀች። የቅሬው ነጭ ድንኳን ደጃችን ላይ ተተከለ፤ አንዱ ጥጉ ተቀድዶ ስለነበር እታለም ሰው እስኪሰበሰብ ሰፋችው፣ እኔ ደግሞ ሲባጎውን በሰም አሸሁላት። ንጋቱ ሁለተኛ ተለቀሰለት። አውፍ በሉኝ ያለ የለም፣ አውፍ በይ ያለም የለም።

አባ ተሰማ ሐዘናቸውን ጨርሰው ተሸኙ። በማግስቱ ጠዋት እታለም ሸራዋ መሐል ተቀምጣ፣ እኔ አጠገቧ ሆኜ የእናቲቱን በሶ በውሃ እየበጠበጥን ሳለ አባ ይመር ከመስጊድ መጡ። በማዶ አይደለም፣ በኛ በኩል።

«ዘውዴ፣ እንዴት አደርሽ?»

ሰሙን ይዤ ትንፋሼን ዋጥኩ። እታለም መርፌዋን ሸራው ላይ ሰካች።

«ደህና አላደርኩም አባ ይመር። ጉልበቴን ሲወጋኝ አደረ።»

አባ ይመር ምርኩዛቸውን አጋደሙ፣ ሸራው ጫፍ ላይ ቀስ ብለው ቁጭ አሉና፣ «የቱን ጉልበትሽን?» አሏት።